የአሜሪካ ፉትቦል ታላላቆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ዘመድ ቤት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የዓመቱን ፍጻሜ፣ ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ሳሎኑ ጢም ብሏል። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች ቴሌቪዥኑ ሥር ተኮልኩለው ይጮኻሉ። ትልልቆቹ ከኋላ ሶፋው ላይ ሆነው ማስታወቂያውን ይጠብቃሉ። አጎቴ በየአሥር ደቂቃው ያቺኑ ጥያቄ ይደግማል፤ «አሁን ይሄ ኳስ ነው ድብድብ?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ያ ሰውዬ ማነው? ምን አድርጎ ነው ሁሉም ስለ እሱ የሚያወራው?» ይላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚያ ሳሎን የተለቃቀሙ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕጉን ሳላውቅ ስለ ተጫዋቾቹ ባነብ ይገባኛል?

ይገባችኋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃውን ያህል ልንገራችሁ። ኳሷን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ አለው። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ፣ 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ማሳለፍ 3 ነጥብ ያስገኛል።

ቡድኑን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው። ይዟት የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ይባላል። የተወረወረችለትን የሚቀልበው ሪሲቨር ነው። የቀሩት፣ እነዚያ ግዙፎቹ፣ ወይ መንገድ ይከፍታሉ ወይ መንገድ ይዘጋሉ። አንድ ቃል ልጨምር፤ ድራፍት። ክለቦች ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ቀድሞ የተጠራ ልጅ በጣም ተፈልጓል ማለት ነው። መጨረሻ የተጠራ ደግሞ... ወደ እሱ እንመጣለን።

ከሁሉም የሚበልጠው ማነው?

በዋንጫ ብዛት ከሆነ ቶም ብሬዲ ነው፤ ክርክር የለም። 23 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 7 ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ስድስቱን ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ጋር፣ ሰባተኛውን ከታምፓ ቤይ ጋር። በሊጉ 7 ሱፐር ቦውል ያለው ክለብ የለም። ሰውየው ለብቻው ከየትኛውም ክለብ ይበልጣል።

የሚገርመው አጀማመሩ ነው። በ2000 ድራፍት የተጠራው 199ኛ ሆኖ ነው። ከእሱ በፊት ስድስት ኳርተርባኮች ተመርጠዋል። ለምርጫው ሲፈተን የተነሳው ፎቶ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ቁምጣ ብቻ የለበሰ፣ ጡንቻ የሚባል ያልፈጠረበት፣ ስፖርተኛ የማይመስል ልጅ። 40 ያርድ ለመሮጥ 5.28 ሰከንድ ፈጀበት። በዚህ ስፖርት ይህ የኤሊ ሩጫ ነው።

በሩ የተከፈተለት በሌላ ሰው ጉዳት ነው። በሴፕቴምበር 2001 የክለቡ ኮከብ ድሩ ብሌድሶ ክፉኛ ተመትቶ ወጣ። ውስጥ ውስጡን ደም ይፈሰው ነበር። ያ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት የ10 ዓመት፣ የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ነው። ብሬዲ ተተክቶ ገባ። ቦታውን አልመለሰም። በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫ በላ።

አንድ ጨዋታ ብቻ የምታዩ ከሆነ የፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017ቱን እዩ። ሂውስተን ላይ ነው። በሦስተኛው ሩብ አትላንታ 28 ለ 3 እየመራ ነበር። ሰው ቴሌቪዥኑን እየዘጋ ተኛ። ከዚያ ብሬዲ ቀስ በቀስ፣ አምስት ያርድ፣ ስምንት ያርድ፣ አሥራ ሁለት ያርድ እያለ መጣ። ኤድልማን የሚባለው ሪሲቨር ሦስት ተከላካዮች ላዩ ላይ ተከምረው ሳለ ኳሷ መሬት ልትነካ ጣት ሲቀራት ያዛት። 28 እኩል ሆነ። በሱፐር ቦውል ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጨመረ። 34 ለ 28 አለቀ። የተኙት ሰዎች ጠዋት ተነስተው ውጤቱን ሲያዩ ስህተት መስሏቸዋል።

እኔ ግን ታላቅነትን የምለካው በሌላ ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጨዋታው እንደ ድሮው ቀጠለ ወይ? ብሬዲ ጨዋታውን አሸነፈው እንጂ አልቀየረውም። የቀየሩት ሌሎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የእሱን ሩብ ያህል ስም የላቸውም።

ብሬዲን ብሬዲ ያደረገው አሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይሄ ጥያቄ ቦስተን ውስጥ ወንድማማች ያጣላል።

ቤሊቺክ ያደገው አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቱ የባሕር ኃይል አካዳሚው ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። ልጁ ገና በትንሽነቱ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተጋጣሚ ፊልም ይመረምር ነበር። ካደገ በኋላ ሥራው ሁሉ ያው ነበር ማለት ይቻላል፤ ተጋጣሚው የሚተማመንበትን ነገር ለይቶ መንጠቅ። በዋና አሰልጣኝነት 6 ሱፐር ቦውል፣ ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ ጃያንትስ የመከላከል አሰልጣኝ ሆኖ 2። ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣውን ጥሎ ማለፍ፣ ፕሌይኦፉን፣ ጨምሮ 333 ድል።

ብሬዲ ከሌለበት ያለው ገጽ ግን ይጎረብጣል። ከብሬዲ በፊት ክሊቭላንድን አምስት ዓመት አሰልጥኖ 36 አሸነፈ፣ 44 ተሸነፈ። ብሬዲ በ2020 ታምፓ ሲገባ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በ43 ዓመቱ፣ ዋንጫ አነሳ። ቤሊቺክ በቀሩት አራት ዓመታት ፕሌይኦፍ የደረሰው አንዴ ነው፤ እሱንም ቡፋሎ 47 ለ 17 ደቆሰው። የመጨረሻው ዓመት 4 ድል፣ 13 ሽንፈት ነበር። በጃንዋሪ 2024 ተለያዩ።

ስለዚህ ብሬዲ በለጠ? በቁጥሩ አዎ። ግን አንድ ነገር አትርሱ። 199ኛውን ልጅ የጠራውም፣ ብሌድሶ ድኖ ሲመለስ የ103 ሚሊዮኑን ሰው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ልጁን ያጫወተውም ቤሊቺክ ነው። ያን ውሳኔ ስንት አሰልጣኝ ይደፍረዋል? በ2007 ደግሞ የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ አስቀርጾ ሊጉ 500 ሺህ ዶላር እንደቀጣውም አብሮ ይነሳል። ከነክብሩ ከነጉድፉ ነው።

አሰልጣኞቹ ሁሉ «የእገሌ ተማሪ» ይባላሉ። ምን ማለት ነው?

ይህን ለማብራራት ከእኛው ቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። ባለቅኔ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ? የዋሸራ ነህ፣ የጎንጅ ነህ፣ የዋድላ ነህ?» ነው። ፉትቦልም ላይ እንዲሁ ነው። አሰልጣኝ ከመምህሩ ይቆጠራል።

የዘር ሐረጉ ላይ ካሉት አንዱ አንጋፋ ፖል ብራውን ነው። ክሊቭላንድ ብራውንስ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ከእሱ በፊት አሰልጣኝነት የወራት ሥራ ነበር። እሱ ረዳቶቹን ዓመቱን ሙሉ ቀጠረ። ተጫዋቾችን ክፍል አስገብቶ ደብተር አስያዛቸው፣ ፈተና ፈተናቸው። ፊልም እየመረመሩ መማርን ሥርዓት አደረገው። በ1946፣ ጥቁር ተጫዋቾች ከፕሮፌሽናል ሜዳ በተገለሉበት ዘመን፣ ማሪዮን ሞትሊንና ቢል ዊሊስን አስፈረመ። ያ የዘር ገደቡን የሰበረው ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን ዋናው የቤዝቦል ሊግ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት ነው።

አሁን ቁጠሩ። ፖል ብራውን ኋላ ሲንሲናቲን ሲመሠርት ቢል ዋልሽ ረዳቱ ነበር። ዋልሽ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ሦስት ሱፐር ቦውል በላ። በዋልሽ ቤት ያደገው ማይክ ሆልምግረን ግሪን ቤይን ያዘ። የሆልምግረን ረዳት አንዲ ሪድ ነበር። ሪድ ዛሬ ካንሳስ ሲቲ ላይ ፓትሪክ ማሆምስን ያሰለጥናል። ማሆምስ የሚወረውራት አጭር ቅብብል ጥንስሷ ሲንሲናቲ ውስጥ፣ በ1970 አካባቢ ነው። ዋልሽ የነበረው ኳርተርባክ ሩቅ መወርወር አይችልም ነበር። ስለዚህ በአጭር ቅብብል ሜዳውን ወደ ጎን የሚለጥጥ አጨዋወት ፈጠረ። ከችግር የተወለደ ዘዴ ነው።

በጨዋታ ላይ ጨዋታ፦ ፖል ብራውንን ከክሊቭላንድ ያባረረው ባለቤት አርት ሞዴል ይባላል። ያው ሰውዬ በ1996 ቤሊቺክንም አባረረ። በመሀል ደግሞ ታላቁ ሯጭ ጂም ብራውን ጥሎት ሄደ። ሦስት ታላላቆች አንድ በር ላይ ተሰናበቱ።

የሱፐር ቦውል ዋንጫ ለምን በሎምባርዲ ስም ተጠራ?

ቪንስ ሎምባርዲ የብሩክሊን ሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ላቲን ያስተምር ነበር። በ1959 ግሪን ቤይ ፓከርስን ሲረከብ ክለቡ ከ12 ጨዋታ 1 ብቻ አሸንፎ የመጣ ነው። ግሪን ቤይ ከ100 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት የዊስኮንሲን ከተማ ናት። ክለቡም የሀብታም ሳይሆን አክሲዮን የገዙ ደጋፊዎች ንብረት ነው። በዚያች ከተማ፣ በ9 ዓመት ውስጥ፣ 5 የሊግ ዋንጫ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች ያሸነፈውም እሱ ነው።

ዲሴምበር 31 ቀን 1967 የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከዳላስ ጋር፣ ለሊጉ ዋንጫ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ከሣሩ ሥር የተቀበረው ማሞቂያ ተበላሽቶ ሜዳው እንደ መስታወት ደረቀ። የዳኛ ፊሽካ ብረቱ ከንፈር ላይ እየተጣበቀ ቆዳ ይልጥ ስለነበር በድምፅ መዳኘት ጀመሩ። ዳላስ 17 ለ 14 ይመራል። 16 ሰከንድ ቀርቷል። ከመስመሩ ያለው ርቀት ከአንድ ያርድ ያንሳል። የቀረ ዕረፍት የለም። ኳርተርባኩ ባርት ስታር ወደ ሎምባርዲ ሮጦ ሄደና «ሯጮቹ መቆም አልቻሉም፣ ራሴ ይዤ ልግባ» አለው። ሎምባርዲም «ግባና ከዚህ ብርድ ውጣልን» ዓይነት መልስ ሰጠው። ስታር ገባ። 21 ለ 17።

ስታር በ1956 ድራፍት 200ኛ የተጠራ ልጅ ነው። ብሬዲ 199ኛ። ቁጥሩን ሳየው ሁሌ ያስቀኛል።

ሎምባርዲ በ1969 ዋሽንግተንን ለአንድ ዓመት አሰለጠነ። በሴፕቴምበር 1970 በካንሰር ሞተ፤ 57 ዓመቱ ነበር። ዋንጫው ወዲያው በስሙ ተጠራ። 3 ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ብር ነው። በየዓመቱ አዲስ ስለሚሠራ ያሸነፈው ክለብ እዚያው ያስቀረዋል።

አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላ ቡድን አለ?

ከሱፐር ቦውል ወዲህ አንድ። የ1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ፣ 17 ጨዋታ 17 ድል። አሰልጣኙ ዶን ሹላ ነው። በ33 ዓመት 347 ድል ሰብስቧል። በዚህ የሚበልጠው የለም።

ያን ዓመት ዋናው ኳርተርባክ ቦብ ግሪሲ በአምስተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ። የተካው የ38 ዓመቱ ኧርል ሞራል ነው። ሞራል ደግሞ ማነው? ከአራት ዓመት በፊት ሹላ ባልቲሞርን ሲያሰለጥን ሱፐር ቦውል ላይ አብሮት የተዋረደ ሰው። ያኔ የኒው ዮርክ ጄትሱ ጆ ኔማት «እናሸንፋለን፣ ዋስትና እሰጣለሁ» ብሎ ፎከረ፤ ማንም አላመነውም፤ 16 ለ 7 አሸነፈ። ሹላና ሞራል ያን ቁስል ተሸክመው ነው እንደገና የተገናኙት።

ፍጻሜው ላይ ዋሽንግተንን 14 ለ 0 እየመሩ ሁለት ደቂቃ ቀራቸው። ቆጵሮስ የተወለደው አርመናዊ መቺ ጋሮ የፕሬሚያን ኳሷን መታ። ብትገባ 17 ለ 0 ትሆን ነበር፤ በ17 ለ 0 ዓመት። ተከላካይ አገዳት። ጋሮ አንስቷት ሊወረውር ሞከረ። ወርውሮ አያውቅም። ኳሷ ከእጁ እንደ ሳሙና አምልጣ ሽቅብ ተነሳች። የዋሽንግተኑ ልጅ ቀልቦ ሮጦ አስቆጠረ። 14 ለ 7 አለቀ። እንከን የለሹ ዓመት በእንከን ተዘጋ።

በ2007 የብሬዲ ፓትሪየትስ 18 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ጃያንትስ 17 ለ 14 አሰናበተው።

ጂም ብራውን በ30 ዓመቱ፣ ባሪ ሳንደርስ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ለምን ተዉት?

ጂም ብራውን 9 ዓመት ተጫወተ። በ8ቱ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ነበር። አንድ ጨዋታ እንኳ አልቀረም። በጨዋታ በአማካይ 104 ያርድ ሮጧል፤ ከ100 በላይ አማካይ ይዞ የጨረሰ ሌላ ሰው የለም። በ1966 ክረምት እንግሊዝ አገር ፊልም እየሠራ ሳለ ቀረጻው ዘገየ። ባለቤቱ ሞዴል «ልምምድ ካልመጣህ እቀጣሃለሁ» አለ። ብራውን መጣሁም አላለም፣ ይቅርታም አላለም። በቃኝ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሐመድ አሊ ወደ ቬትናም አልዘምትም ሲል ጥቁር ስፖርተኞችን ክሊቭላንድ ሰብስቦ ከጎኑ ቆመ። በሌላ በኩል ሴቶችን በመደብደብ ተደጋግሞ ተከሷል። ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር ይህን ከዘለለ ግማሽ ነው።

ሳንደርስ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ዝምተኛ። ታችዳውን አስቆጥሮ ኳሷን ለዳኛው ያቀብልና ይመለሳል። 10 ዓመት ለዲትሮይት ተጫውቶ 15,269 ያርድ ሮጠ። የዋልተር ፔይተን ክብረ ወሰን 1,457 ያርድ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንድ ጥሩ ዓመት ማለት ነው። በ1999 ልምምድ ሊጀመር ሲል ለትውልድ ከተማው ጋዜጣ ፋክስ ላከ፤ አቆምኩ። ሽንፈት ሰልችቶት ነበር። እኔ በግሌ ከሁሉም ሯጭ እሱን ማየት እወዳለሁ። አራት ሰው ከቦት መውጫ ሲያገኝ እንደ ገና ጨዋታ ልጅ ነው የሚሆነው።

የማይሰበር ክብረ ወሰን የማን ነው?

የጄሪ ራይስ። 22,895 ያርድ በቅብብል። ሁለተኛው ላሪ ፊትዝጀራልድ 17,492 ነው። በመሀል ያለው ልዩነት ብቻ ለአንድ ጥሩ ተጫዋች የሙሉ ዕድሜ ሥራ ይሆናል።

አባቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ግንበኛ ነበሩ። ልጁ ክረምት ክረምት ጡብ ያቀብላቸው ነበር፤ ወንድሞቹ ወደ ላይ ይወረውሩለታል፣ እሱ ይቀልባል። ኳስ ከጡብ በኋላ ምን ከበደ? በ40 ዓመቱ፣ እኩዮቹ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 1,211 ያርድ ቀለበ።

የዋልተር ፔይተን ሽልማት ለሜዳ ብቃት ነው?

አይደለም፤ በዋናነት ለበጎ ሥራ ነው። ፔይተን በቺካጎ 13 ዓመት ተጫውቶ የቀረበት ጨዋታ አንድ ነው። በጉበት በሽታና በካንሰር በ1999 ሲሞት 45 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ በፊት ሰው የአካል ክፍል እንዲለግስ ይቀሰቅስ ነበር።

ሁሉም የሚያወራው ስለሚወረውሩትና ስለሚሮጡት ነው። ተከላካይ ታላቅ የለም?

አለ እንጂ! በእኔ መለኪያ ከሆነ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ላውረንስ ቴይለር ነው። በ1981 ጃያንትስ ገባ። እንደ ግዙፍ ጠንካራ፣ እንደ ሯጭ ፈጣን። ኳርተርባኩ በማያይበት በኩል፣ ከግራ ጀርባው፣ ይመጣበታል። በኖቬምበር 1985 ዋሽንግተን ላይ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ለሁለት ተሰበረ። ቴይለር ራሱ ብድግ ብሎ ራሱን ይዞ «ሐኪም! ሐኪም!» በሚል ዓይነት እጁን ያርገበግብ ነበር። ታይዝማን ዳግመኛ አልተጫወተም።

ከዚያ በኋላ ክለቦች የኳርተርባኩን ግራ ጀርባ የሚጠብቀውን ሰው ከቡድኑ ውድ ተከፋዮች አንዱ አደረጉት። ድሮ ስሙን የሚያውቀው አልነበረም። አንድ ሰው የሌላ ሰው ደመወዝ ቀየረ። ጨዋታውን መቀየር ማለት ይሄ ነው። ከሜዳ ውጭ የቴይለር ሕይወት በአደንዛዥ ዕፅ የተመሰቃቀለ ነበር።

በ1986 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከእሱ በፊት ይህን ያገኘው ተከላካይ የሚኒሶታው አለን ፔጅ ብቻ ነው። ፔጅ እየተጫወተ ሕግ ተማረ፤ ኋላም ከ20 ዓመት በላይ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ጥቁር ኳርተርባክ ድሮ አይፈቀድም ነበር?

የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ግን «ኳርተርባክ አእምሮ ይጠይቃል» ይባል ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነው። ኮሌጅ ላይ ኳርተርባክ የነበረውን ጥቁር ልጅ ሪሲቨር ሁን ይሉታል። ዋረን ሙን እምቢ አለ። በ1978 ማንም አልመረጠውም። ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር 5 ዋንጫ በተከታታይ በላ። ከዚያ ነው አሜሪካ «ና» ያለችው።

ዳግ ዊሊያምስ ደግሞ የዋሽንግተን ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988፣ ሱፐር ቦውል። ከአንድ ቀን በፊት ጥርሱን ታክሞ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ሩብ ጉልበቱ ተጣሞ ወደቀ። ዴንቨር 10 ለ 0 ይመራል። ተነስቶ ገባ። በሁለተኛው ሩብ፣ በ15 ደቂቃ የጨዋታ ሰዓት ውስጥ፣ አራት ታችዳውን ወረወረ። ዋሽንግተን 35 ነጥብ አስቆጠረ። 42 ለ 10 አለቀ። ሱፐር ቦውል ጀምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ዲሲ ውስጥ ያኔ የነበሩ የእኛ ሰዎች ታክሲ ላይ ሆነው በሬዲዮ የሰሙትን ጩኸት እስከ ዛሬ ያወራሉ።

አሰልጣኝነቱ ከዚህም ይብሳል። ፍሪትዝ ፖላርድ በ1921 አክረንን አሰለጠነ። ከእሱ ዘመን በኋላ ሌላ ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የታየው በ1989 ነው፤ አርት ሼል። በ2007 ቶኒ ደንጂ ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። ያሸነፈው ደግሞ የቀድሞ ረዳቱን፣ ሎቪ ስሚዝን።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሠራ የነበረው ኮከብ ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው። ከርት ዋርነር። በ1994 ግሪን ቤይ ሞክሮት አሰናበተው። አዮዋ ተመልሶ ሌሊት ሌሊት በሰዓት 5.50 ዶላር ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይደረድር ነበር። ከዚያ ቤት ውስጥ በሚጫወቱት አነስተኛ ሊግ፣ ከዚያ አውሮፓ፣ ከዚያ ሴንት ሉዊስ፤ እዚያም ተጠባባቂ። በ1999 ዋናው ተጫዋች ሲጎዳ ገባ። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ፣ የሱፐር ቦውልም ምርጥ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍጻሜ ላይ ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? 199ኛው ልጅ።

የፉትቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ የት ነው? እንዴት ይገባል?

ካንተን፣ ኦሃዮ። ሊጉ በ1920 የተመሠረተው እዚያች ከተማ፣ መኪና መሸጫ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው። አዳራሹ በ1963 ተከፈተ። ተጫዋች ካቆመ አምስት ዓመት ይጠብቃል። መራጮቹ በአብዛኛው የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው፤ 80 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። የተመረጠው ወርቃማ ኮት ይለብሳል፣ የነሐስ ምስሉ ይቀመጣል። ብሬዲ ተራው በ2028 ነው።

ጭንቅላታቸው ይጎዳል የሚባለውስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት እናቶች ናቸው፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት መጫወት ሲጀምር።

ማይክ ዌብስተር ከፒትስበርግ ጋር 4 ሱፐር ቦውል የበላ ሰው ነው። ሥራው በየጨዋታው በጭንቅላቱ መጋፋት ነበር። ካቆመ በኋላ አእምሮው ተዛባ፤ መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያ ተወልዶ ያደገው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነው። አንጎሉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ኦማሉ አላመነም፤ በስሱ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን፣ ሲቲኢ የሚባለውን ጉዳት አገኘ። በ2005 ሲያሳትመው የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ሊጉ ግንኙነቱን በይፋ ያመነው በ2016 ነው።

በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል 110ሩ ላይ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ አንጎላቸውን የሰጡት በአብዛኛው ምልክት የታየባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉም ተጫዋች ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ልጅ ላለው ሰው የሚያስተኛ ቁጥርም አይደለም። ልጃችሁ መሮጥ ከወደደ ያለ ግጭት፣ ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ በመንጠቅ የሚጫወቱት ፍላግ ፉትቦል አለ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ይገባል።

ማሆምስ ብሬዲን ይደርስበታል?

እስከ 2024 ድረስ 3 ሱፐር ቦውል በልቷል፤ 28 ዓመቱ ነበር። ብሬዲም በዚያ ዕድሜው 3 ነበረው። ከዚያ ብሬዲ አራተኛውን ለማግኘት አሥር ዓመት ጠበቀ። እኔ አልወራረድም።

አዲስ አበባ ሆኜ በቀጥታ ማየት ብፈልግስ?

ሱፐር ቦውል የሚጀምረው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት እሑድ ማታ 6፡30 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከነማስታወቂያውና ከነመሀል ዘፈኑ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስታጠፉት 12 ሰዓት አልፎ ነግቷል። ሰኞ ሥራ ካለ ጠዋት ላይ ውጤቱን ሳትሰሙ ቅጂውን ፈልጉ። ስልካችሁን ግን ዝጉ። ሜሪላንድ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ አጎቴን ጨምሮ፣ ውጤቱን ሳይነግራችሁ አያድርም።